በባቡር ጣቢያ ስሞች ላይ የሚሠራ ሰምና ወርቅ እንቆቅልሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ እንቆቅልሽ ከለመድነው እንቆቅልሽ በምን ይለያል?

በልጅነታችን «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እያልን የተጫወትነው እንቆቅልሽ አንድን ነገር በመልኩና በጠባዩ ይገልጸዋል። ፈቺውም ነገሩን እያሰበ መልሱን ይፈልጋል። እዚህ ግን የሚፈለገው ስም ነው። ፍንጩ የጣቢያውን ስም ፊደል በፊደል ይሠራዋል፤ ይገጣጥመዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ጅራቱን ይቆርጠዋል፣ በሌላ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ይደብቀዋል። ላይ ላዩን ግን ስለ ሌላ ጉዳይ የሚያወራ ይመስላል። የሚሰማው ወሬ ሰሙ፣ ተሸፍኖ የቆየው የጣቢያ ስም ወርቁ ነው። ቅኔ ሲቆጠር ሰምቶ «ኅብረ ቃሉ የቱ ጋ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጨዋታውን ገና ሳይጀምረው ያውቀዋል።

ከድሮው ጨዋታ የቀረልን አንድ ነገር አለ። በእንቆቅልሽ የተሸነፈ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በዚህኛው ደግሞ የሚሰጠው ቦታ ራሱ መልሱ ነው።

የትኞቹ ጣቢያዎች ይገባሉ?

እኛ ሦስት መስመሮችን እንጠቀማለን። የመጀመሪያው የቀድሞው የምድር ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መሠራት ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ማለት ነው። ሁለተኛው በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሦስተኛው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ቀላል ባቡሩ 39 ጣቢያዎች አሉት፤ ከእነሱም አምስቱን፣ ማለትም ስታዲየምን፣ ለገሀርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ ዕድንና ልደታን፣ የሰሜን–ደቡቡና የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመሮች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ወደ መጨረሻው ላይ ያስፈልግዎታል።

አንድ ፍንጭ ሲቀርብልኝ ከየት ልጀምር?

ወሬውን አይመኑት። ዐረፍተ ነገሩ ስለ ልጅ፣ ስለ ሸማኔ ወይም ስለ ጥርስ ሕመም ሊያወራ ይችላል፤ እርስዎ ግን በሁለት ይክፈሉት። አንዱ ክፍል የስሙን ትርጉም ወይም ቦታውን ይጠቁማል፤ ይህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ ይቀመጣል። ሌላው ክፍል ስሙ እንዴት እንደተሠራ ይናገራል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ጣቢያ ላይ ከተገናኙ መልሱ ተገኝቷል።

ለምሳሌ፦ «ታደል ብለው የመረቁት ወደ ኋላ ቢመለስ የማርያምን መወለድ አየ (3)»።

ሰሙ የተመረቀ ልጅ ታሪክ ነው። «ወደ ኋላ ቢመለስ» የሚለው ግን ለፊደላት የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ታ፣ ደ፣ ል የሚለውን ከመጨረሻው ጀምረው ሲያነቡት ል፣ ደ፣ ታ ይሆናል። የማርያም መወለድስ ልደታ አይደል? በሁለቱም በኩል የደረስነው አንድ ቦታ ነው። በቅንፍ ያለው 3 የፊደሎቹን ብዛት ይናገራል። ስሙ ሁለት ቃል ሲሆን (3፣2) ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ካልሰመረ መልሱ ቢያምርዎትም ይተዉት።

ስሙን ለመሥራት ምን ምን መንገዶች አሉ?

ቀላሉ መገጣጠም ነው። አፍደም የሚለውን ስም ለሁለት ሲከፍሉት አፍና ደም ይወጡታል። ስለዚህ «ምላስ የሚያድርበት ቤት ቀይ ፈሳሽ አስከትሎ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ቆመ (4)» ማለት ይቻላል። ድሬዳዋም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። ድርና ማግ የሚያውቅ ሰው «ድሬ» የእኔ ድር መሆኑን፣ ባለቤቱ የተወው ማሳም ዳዋ እንደሚለብስ አይስተውም፦ «የማጌን ጓደኛ አረም ተከተለው (4)»። «የማጌ ጓደኛ» የሚለውን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ድር የሚለውን ቃል ሳይጠሩ ድርን መጥራት የዚህ ጨዋታ ትልቁ ደስታ ነው።

ቆርጦ መጣልም አለ። «አይፈልግም፤ ጅራቱን ጥሎ ወደ ጅቡቲ ድንበር ተጓዘ (3)» ቢባሉ፣ «አይፈልግም» በሌላ ቃል «አይሻም» ነው፤ ጅራቱ ም ሲወድቅ አይሻ ይቀራል።

ድብቁ ዓይነት ለጀማሪ ይስማማል፤ መልሱ ዓይኑ ሥር ተቀምጧልና። «ቀድሞ ጆሮ ውስጥ የገባ ጣቢያ (2)» ሲሉት ወዲያና ወዲህ ያስባል። «ቀድሞ» ሲያልቅ «ጆሮ» ሲጀምር ያለውን ቦታ ግን አያየውም፤ ሞጆ እዚያው ተኝታለች። «የቸኮለው ሰው ደረሰ በታክሲ፤ መሐሉ ላይ ግን ባቡር ነበር (3)» የሚለውም ሰበታን በደረሰና በታክሲ መካከል ደብቋታል።

ማመሰቃቀል ማለት ፊደላቱን እንዳሉ ይዞ ቦታቸውን ማለዋወጥ ነው። ከሁሉ የማደንቀው ምሳሌ ይኸው፦ «ለሀገር ቢናወጥ ጣቢያው ነው (4)»። ለ፣ ሀ፣ ገ፣ ር የሚለው ሲናወጥ ለ፣ ገ፣ ሀ፣ ር ይሆናል። ለገሀር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ስም ነው፤ ትርጉሙም በቀጥታ «ጣቢያው» ማለት ነው። አንዲት ትርፍ ቃል የሌለበት ፍንጭ እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ዓይነት ምንም አይገጣጥምም፣ አይቆርጥም፤ የአንዱን ቃል ሁለት ፊት ያሳያል። «ሾፌሩ በእጁ ይዞታል፤ ሕዝቡ ይከተለዋል (2)» የሚለው መሪ ነው። «ብዙኃን ሲከተሉት ዜና ያሰማል፤ ብቻውን ሲቀር ባቡር ይጠብቃል (4)» ደግሞ መገናኛ ነው። «በድፍን አልቀረበም፤ ተቆርጧል (3፣2)» ሲባል «ሾላ በድፍን» የሚለውን አነጋገር ያስታወሰ ሰው ጉርድ ሾላ ላይ ይወርዳል። «ዓመቱን ሙሉ የማትረግፍ የመስከረም አበባ (3፣3)» የሚለውን አደይ አበባን ደግሞ ለማንም ብነግር ፈገግ ይላል።

የግዕዝ ፊደል ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ይመቻል?

ይመቻል ብቻ አይደለም፤ በብዙ ጽሕፈቶች የማይገኝ መሣሪያ ይሰጠናል። ፊደላችን ሰባት ቤት አለው። አንዱን ፊደል ከቤቱ አውጥቶ ሌላ ቤት ማስገባት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ይህን ፍንጭ ይመልከቱ፦ «የመጀመሪያው ሰው ከሳድስ ወደ ራብዕ ቢሻገር ናዝሬት ደረሰ (3)»። የመጀመሪያው ሰው አዳም ነው። መጨረሻው ም ሳድስ ነው፤ ራብዑ ማ ነው። አዳማ ሆነ። ከተማዋም ናዝሬት ተብላ ትጠራ ነበር። አዳምን ወደ ናዝሬት የሚያደርስ ሐዲድ በአንዲት ፊደል ተዘረጋ፤ ክርስቶስን ሁለተኛው አዳም ብሎ የሚጠራውን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሰሙ በታች ሌላ ወርቅ ያገኛል። እንዲህ ዓይነቱን ፍንጭ አቅዶ ማግኘት አይቻልም፤ ስሙ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል እንጂ።

በዚሁ መንገድ «ነጋዴው ኃምስን ትቶ በሳድስ ጅቡቲ ገባ (3)» ብንል ዴ ወደ ድ ተለውጦ ነጋድ ይወጣል። ነጋድ በጅቡቲ ከተማ ያለው የአዲሱ መስመር ጣቢያ ነው።

ሌላው በረከት መጥበቅና መላላት ነው። ስንጽፍ አይታይም፤ ስንናገር ግን ትርጉም ይለውጣል። «ልጅቱን ድንገት ተመለከታት፤ ለካስ የእናቱ እናት ናት (3)» የሚለው መልሱ አያት ነው። ያ ሲጠብቅ «ተመለከታት» ማለት ነው፣ ሲላላ የወላጅ ወላጅ። ቅኔ ነጋሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩበት ቤት ይህ ነው፤ የቀላል ባቡሩ ምሥራቃዊ መጨረሻ ጣቢያ አያት መሆኑ ብቻ አዲስ ነው።

ለገሀር ነው ለገሃር? በሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ምን ይደረግ?

ክርክር የሚነሣበት ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አንዱ ለገሀር፣ ሌላው ለገሃር ይጽፋል፤ ሀያ ሁለትና ሃያ ሁለት፣ ነፋስና ንፋስም እንደዚሁ። የእኔ አቋም ሦስት ነጥብ አለው፤ እኩል ክብደት የላቸውም። በድምፅ አንድ የሆኑ ፊደላት (ሀና ሐ፣ ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ጸና ፀ) በጨዋታው ውስጥ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ፈቺውን በሆሄ ምርጫ መጣል ጥበብ አይደለም። ሀ እና ሃ በቤት ቢለያዩም የሚነበቡት አንድ ዓይነት ነውና ይፈቀዱ። ፍንጩ የተሠራው በሆሄው ልዩነት ላይ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የፊደልን ቤት የሚለውጥ ፍንጭ ከሆነ፣ አዘጋጁ የመረጠውን አጻጻፍ አስቀድሞ ያሳውቅ። «ለሀገር ቢናወጥ» ያልሁት በ«ሀ» ስለጻፍኩት ነው፤ ሁለቱም ቃላት አንድ ዓይነት «ሀ» ስላላቸው ማንም አይጎዳም።

ራሴ ማዘጋጀት ብፈልግስ?

ከሐሳብ አይጀምሩ፤ ከስሙ ይጀምሩ። ስሙን ወረቀት ላይ በትልቁ፣ ፊደሎቹን እያራራቁ ይጻፉትና ጮክ ብለው ያንብቡት። ከዚያ ገልብጠው ያንብቡት። አንድ ፊደል ይቀንሱለት፣ አንድ ይጨምሩለት። የመጨረሻውን ፊደል በሰባቱም ቤት ያስኪዱት። እንዶዴ የሚለውን ስም በዚህ መንገድ ሳስኬደው ነው «እንዶድ» ብቅ ያለልኝ። ኤ ደግሞ በአማርኛ «የእኔ» ስለሚል ፍንጩ ራሱን ጻፈ፦ «የራሴው የልብስ ማጠቢያ (4)»። የእንዶድን ፍሬ ለልብስ ማጠቢያ የተጠቀመ ቤተሰብ ወዲያው ያውቀዋል፤ ያልተጠቀመው ደግሞ እግረ መንገዱን ስለ እንዶድ ይማራል።

ሰሙን የሚጽፉት ከዚህ በኋላ ነው። ሰሙ እንደ እውነተኛ አነጋገር ሊፈስ ይገባል። ሰው መንገድ ላይ ቢሰማው «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ዞር የሚል ከሆነ ሰሙ ገና አልቀለጠም። «ደረሰ በታክሲ» የሚለው የግጥም ቃና ስላለው ያልፋል፤ ከዚያ በላይ የተጣመመ ግን ፈቺውን ወዲያው ያነቃዋል፣ ድብቁም ድብቅ መሆኑ ይቀራል።

ትእዛዝ ሰጪ ቃላትን ይሰብስቡ። አማርኛ በእነዚህ ሀብታም ነው። ለመገልበጥ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ፊቱን አዞረ፤ ለማመሰቃቀል ተናወጠ፣ ተበተነ፣ ሰከረ፤ ለመደበቅ ሆዱ፣ መሐሉ፣ በጉያው፤ ለመቁረጥ አናቱን አጣ፣ ጅራቱን ጣለ፣ ባዶ እግሩን ቀረ የሚሉትን ይጠቀሙ። ደብተር ይዘው ቢሰበስቧቸው በወር ጊዜ ውስጥ ከበቂ በላይ ይኖርዎታል።

ፍንጬ ለፈቺው ፍትሐዊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እያንዳንዱ ፊደል ከየት እንደመጣ መመስከር መቻል አለበት። አንድ ጀማሪ «ዋሽ የተባለው ወንዝ ዳር ወረደ (3)» ብሎ ልኮልኝ ነበር፤ መልሱ አዋሽ ነው። ሐሳቡ ያምራል። አ ግን ከየት መጣች? ፍንጩ ሁለት ፊደል ሰጥቶ ሦስት ይጠይቃል። አብረን ቁጭ ብለን እንዲህ አደረግነው፦ «አቡጊዳን ሲጀምር ዋሽ ቢሉት ባሕር የማይደርስ ወንዝ አጠገብ ወረደ (3)»። አሁን አ ከአቡጊዳ መጀመሪያ መጣች፣ ዋሽ ከእነ ነፍሱ አለ። «ባሕር የማይደርስ ወንዝ» ደግሞ እውነት ነው፤ አዋሽ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ባቡሩ ባሕር ይደርሳል፣ ወንዙ አይደርስም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ የላካቸው ፍንጮች በሙሉ ሒሳባቸው የተዘጋ ነው።

ሌላው መለኪያ ይህ ነው፦ መልሱን ያወቀ ሰው «አሃ!» ይላል ወይስ «እሺ፣ ይሁን»? «እሺ፣ ይሁን» ከተባለ ይመለሱና ይሥሩት።

የብዙ ጣቢያዎች ስም አማርኛ አይደለም። በአማርኛ መቆራረጡ ነውር አይሆንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። በመስመሩ ላይ ካሉት ስሞች ብዙዎቹ የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር ሕዝቦች ስሞች ናቸው፤ የየራሳቸው ትርጉምና ታሪክ አላቸው። አፍደም በአማርኛ አፍና ደም መስሎ መሰማቱ የድምፅ ግጥምጥም ነው፤ የስሙ ፍቺ አይደለም። ስለዚህ መልሱን ስንገልጽ «ስሙ ከዚህ የመጣ ነው» አንልም። «በአማርኛ ጆሮ እንዲህ ይሰማል» እንላለን። የሚያዋርድ ሰም አንሠራም። የቦታውን ሰዎች የሚያሳቅቅ ፍንጭ ምንም ያህል ቢራቀቅ እጥለዋለሁ።

ቋንቋውን ማወቅ ደግሞ ፈቺውን ይጠቅማል። ለገጣፎና ለገዳዲ ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝን ያመለክታል። ለገሀርን የሰማ ሰው ያንኑ መንገድ ይዞ ወንዝ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል። ኦሮምኛ የሚያውቅ አዘጋጅ ይህን ለማሳሳቻ ቢጠቀምበት ድንቅ ሰም ይሆንለታል። እንዲያውም ምኞቴ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚሠሩ ፍንጮች በብዛት መጥተው ማየት ነው፤ ከአማርኛ ያልተሰሙ ወርቆች እዚያ እንዳሉ አልጠራጠርም።

ሁለት መልስ ቢገኝስ?

ሁለተኛው መልስ ሁሉንም ቃል ካሟላ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው። ለዚህ ነው የፊደል ብዛት የምንጽፈውና አልፎ አልፎም አቅጣጫ («ከድሬዳዋ በስተምዕራብ») የምንጨምረው።

ለልጆች ይሆናል?

ይሆናል። ፊደል ከቆጠሩ ጀምሮ ድብቁን ዓይነት ይችላሉ። የፊደል ቤቶችን ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ሳድስና ራብዕ የሚሉትን በግድ ከማሸምደድ አዳምን አዳማ ማድረስ ይሻላል።

ለመለማመጃ ጥቂት ይስጡኝ።

ከቀላል ወደ ከባድ ይሂዱ።

«ያለ ቡና ሆዱ ባዶ አይደለም (2)»
«ከጫፍ ቀጥሎ የንብ ሥራ (4)»
«ጎታታው ጅራቱን ቢጥል እህል ያዘ (2)»
«ተጠረገና ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አዲሱ መስመር ከዚያ ይነሣል (3)»
«የአንዱን መስመር ጣቢያዎች ቆጥሬ ብጨርስ ራሴን እዚያው አገኘሁት (2፣3)»

ወደ ታች ከማንበብዎ በፊት ትንሽ ይታገሏቸው።

የመጀመሪያው ለቡ ነው፤ በ«ያለ ቡና» ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ሁለተኛው ዳርማር ነው፤ ዳር ሲደመር ማር። ሦስተኛው ጎታ፦ ጎታታ አንድ ታ ሲጥል እህል ማስቀመጫው ይቀራል፤ በኤረርና በአፍደም መካከል ያለ ጣቢያ ነው። አራተኛው ሰበታ ነው፤ «ተጠረገ» ያልነው ታበሰ ነው፣ ገልብጠው ያንብቡት። አምስተኛው መጀመሪያ ላይ ያዙት ያልኩትን ቁጥር ይፈልጋል። ቀላል ባቡሩ 39 ጣቢያዎች አሉት፣ አምስቱ ለሁለቱም መስመሮች የጋራ ናቸው። አምስቱ ለሁለቱም ሲቆጠሩ ድምሩ 44 ይሆናል፤ እያንዳንዱ መስመር እኩል ድርሻ አለው። ለሁለት ሲያካፍሉት የምሥራቅ–ምዕራቡ ባቡር መገናኛን አልፎ የሚቆምበት ሰፈር ስም ይወጣል፦ ሃያ ሁለት።